ያልተሰነጠቀው ድልድይ

ሰው ከጎረቤቱ ለመደበቅ ሲነሣ እግሩ ቀጥ አድርጎ የሚወስደው ጎረቤቱ ወዳለበት ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩ ጋሽ ሰዓቱም አንድ ሰኞ፣ የሳምንቱ የዕረፍት ተራቸው በዚያ ቀን ደርሶ ነበርና፣ አፍንጫቸው ሥር ያለውን ጤና ጣቢያ ትተው ሁለት ሰፈር አቋረጡና «እዚህስ ማንም አያውቀኝም» ወዳሉት ክሊኒክ ገቡ። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው፣ በወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ዘረጉ። ጋዜጣው የሦስት ወር አሮጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ዛሬ ማለዳ የወጣ ይመስል ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

«ጋሼ! ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

ቀና ቢሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ የካርድ ክምር ታቅፋ። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው በአውቶቡሳቸው እያመላለሱ ያሳደጓት፣ ዛሬ ነርስ የሆነችው ልጅ። ወደዚህ ክሊኒክ መዛወሯን እናቷ ባለፈው ወር በአጥር ላይ ነግረዋቸው ነበር። ሰምተዋል፤ ግን ባለፉት ሰባት ወራት ጋሽ ሰዓቱ የሰሙት ነገር ሁሉ በወንፊት እንደተቀዳ ውሃ ነው።

«ደህና ነኝ። ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

«እዚህ ተኝቶ የሚታከም የለም እኮ ጋሼ።»

«ቆሞ የሚታከም ቢሆንስ? ምን አገባሽ?»

«እሺ፣ አይቆጡ። የሚጠይቁት ሰው ስሙ ማን ነው? ፈልጌ ልጥራልዎት።»

መልስ ከማግኘታቸው በፊት የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ አለና የጋሽ ሰዓቱን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጮክ ብሎ ጠራ። ነርሷ ሳቋን በካርዶቹ ሸፈነች። ጋሽ ሰዓቱ የክሊኒኩን ጋዜጣ አራት ቦታ አጥፈው፣ የራሳቸው ይመስል ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሐኪሙ ክፍል ገቡ።

«ጋሽ ሰዓቱ» እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ መስመር ሲነዱ የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመድኃኒት ቤቱ ማዕዘን ሲታጠፉ ባለመድኃኒት ቤቱ ሰዓት ሳያይ በሩን ይከፍታል፤ ልጅ ያረፈደባት እናት «ኧረ ሰዓቱ አለፈ!» ብላ ትጮኻለች። ሬዲዮ ሊዘገይ ይችላል፣ እሳቸው አይዘገዩም። ይህ እንግዲህ የዱሮ ነው። ከሰባት ወር ወዲህ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ስለሚያረፍዱ፣ አፈ ሹል ተሳፋሪዎች «ሰዓቱ ባትሪ ጨርሷል» ማለት ጀምረዋል። ፊታቸው ላይ ግን የሚደፍር የለም፤ ከመዘግየታቸው ጋር ቁጣቸውም ጨምሯልና።

ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ነርሷ ፈረቃዋን ጨርሳ በር ላይ ጠበቀቻቸው። አብረው ወደ ሰፈራቸው መራመድ ጀመሩ።

«ምን አሉዎት?»

«ልብዎ ደህና ነው አለኝ» አሉ ጋሽ ሰዓቱ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። «የብዙ ጎረምሳ ልብ እንዲህ አይመታም አለኝ። ወረቀትም ሰጠኝ፤ ይኸው።»

«እሰይ! ታዲያ ምነው እንደተቀማ ሰው ሆኑ?»

«ተቀምቻለሁ እንጂ! ደህና ከሆነ ለምንድን ነው እንደተባረረ ሌባ የሚሮጠው? ለምንድን ነው መሪው በእጄ ላብ የሚታጠበው? ወይ ሐኪሙ አያውቅም፣ ወይ እኔ አስመሳይ ነኝ። እኔ ደግሞ አስመሳይ አይደለሁም። ስለዚህ ሐኪሙ አያውቅም!»

«ሦስተኛም መንገድ አለ ጋሼ።»

«የለም!»

«አውቶቡስዎን ማርሽ ሳያስገቡ ነዳጁን ቢረግጡት ምን ይሆናል?»

«ይጮኻላ።»

«ሞተሩ ተበላሽቶ ነው?»

«ምኑ ይበላሻል! የተበላሸው የረገጠው ሰውዬ ነው እንጂ።»

«አዩ፣ ራስዎ ተናገሩት። ልብዎ ጤነኛ ሞተር ነው፤ መሄጃ ሳይኖረው የሚረግጠው ጭንቀት ነው። አደጋ መጣ ሲባል ሰውነት ትንፋሽን ያፋጥናል፣ ጡንቻን ያጠብቃል፣ ልብን ያስሮጣል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ያ ባይኖር ማናችንም ለዚህ ዕድሜ አንበቃም። ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላ ጥሪው ሳይቆም ሲቀር ነው። ያኔ ሰውዬው ወንበር ላይ ተቀምጦ ልቡ ሩጫ ላይ ነው።»

ጋሽ ሰዓቱ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጭንቀት? እኔ? ስሚኝ አንቺ ልጅ፤ ጭንቀት የሚባለው ሥራ የፈታ ሰው በሽታ ነው። አባቴ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ዘጠኝ ልጅ ሲያሳድግ አንድ ቀን ‹ጨነቀኝ› ሲል ሰምቼው አላውቅም። ችሎ ነው የኖረው!»

«መቻላቸውን አምናለሁ። ሲቆጡስ እንዴት ነበሩ?»

«ሲቆጣማ…» አሉና ዋጡት። አባታቸው ሲቆጡ ዘጠኙም ልጆች አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። ይህን ግን ለነርሷ አልነገሯትም።

መንታው መንገድ ላይ ደረሱ። ፊት ለፊት ድልድዩ አለ፤ እሱን ተሻግሮ አምስት ደቂቃ ቢራመዱ ቤት ነው። በግራ በኩል በሸክላ ፋብሪካው ዞሮ የሚሄደው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

«በዚህ በግራው እንሂድ» አሉ ጋሽ ሰዓቱ። «ጥላ አለው።»

ነርሷ ወደ ላይ አየች። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በደመና ስለተሸፈነ ጥላ ያልሆነ ቦታ አልነበረም።

«በድልድዩ ይቀርባል እኮ።»

«ድልድዩ ተሰንጥቋል።»

«ሰምቻለሁ። ለእኔ እናቴ ነገሩኝ። ለእናቴ የአውቶቡስዎ ትኬት ቆራጭ ነገረቻቸው። ለትኬት ቆራጯ ደግሞ ማን እንደነገራት እንጠይቃት?»

ጋሽ ሰዓቱ ኮፍያቸውን አቃኑ፤ ኮፍያው አልተጣመመም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ከነርሷ ወደ ኋላ እንዳይቀር የሆነውን እንንገረው። ከሰባት ወር በፊት ጋሽ ሰዓቱ አርባ ሦስት ሰው ጭነው ወደ ድልድዩ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። ረገጡ፣ ባዶ። ደገሙ፣ ባዶ። ማርሹን እያንገጫገጩ ዝቅ አደረጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ የአውቶቡሱን ጎን ከድልድዩ የብረት አጥር ጋር እያፋተጉ እመሃሉ ላይ አቆሙት። ከአንዲት ሴትዮ እንቁላል በቀር የተሰበረ ነገር አልነበረም። ሰው እየተንጫጫ ወርዶ አቀፋቸው። መሥሪያ ቤቱም «ለጀግናው ሾፌራችን» የሚል የምስክር ወረቀት በመስተዋት አድርጎ ሸለማቸው። ፍሬኑም በአዲስ ተቀየረ።

የጋሽ ሰዓቱ እግር ግን አልተቀየረም። ወደ ሥራ በተመለሱ ማግሥት ድልድዩ ሲቃረብ ልባቸው ጉሮሯቸው ድረስ ወጣ፤ እጃቸው ሳያስፈቅዳቸው መሪውን ወደ ሸክላ ፋብሪካው አዞረ። ድልድዩ ከኋላ ሲቀር ትንፋሻቸው ተመለሰ። «ምነው ዞሩ?» አለች ትኬት ቆራጯ። ጀግና ተብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው «ፈራሁ» ይላል? «ድልድዩ ትንሽ ሳይሰነጠቅ አልቀረም» አሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ስንጥቁ ፀጉር ያህል ነበር። በሁለተኛው ጣት ማስገባት ጀመረ። በወሩ የአንዱ ተሳፋሪ አማች ወንዙን በስንጥቁ ውስጥ ቁልቁል አይቷል። ሁለት ሌሎች ሾፌሮችም መዞር ጀመሩ፤ «ጋሽ ሰዓቱ ያለ ነገር አይዞሩም» ብለው። መሐንዲስ ተጠርቶ «ምንም የለበትም» ብሎ ቢሄድ፣ «መነጽሩን ረስቶ ነው የመጣው» ተባለ። ከድልድዩ ማዶ የልብስ ንጽሕና ቤት አለ፤ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲያጥቡና ሲተኩሱ ይውላሉ። ፌርማታቸው ላይ የሚቆም አውቶቡስ ስለጠፋ፣ ማታ ማታ አውቶቡስ ለመያዝ ድልድዩን በእግራቸው ተሻግረው እስከ መድኃኒት ቤቱ ይመጣሉ። አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያን ፌርማታ ጨርሶ ሊሰርዘው ለሐሙስ ስብሰባ ጠርቷል። ዋናው ምስክር ማን ነው? ጋሽ ሰዓቱ። «ስንጥቁን አይቻለሁ» ብለው ከፈረሙ ውሸቱ የመንግሥት ወረቀት ይሆናል፤ «የለም» ካሉ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ምን ሲሸሹ እንደነበር ሊናገሩ ነው።

በሸክላ ፋብሪካው ዞረው ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ሻይ አቀረቡ። ነርሷም «ከጋሼ ጋር ክሊኒክ ተገናኝተን» ስትል አመለጣትና ምላሷን ነከሰች።

«ክሊኒክ?» አሉ ባለቤታቸው። «ለእኔማ ጎማ ላስቀይር ነው ብሎኝ ነው የወጣው!»

«የጎማውም ይደርሳል» አሉ ጋሽ ሰዓቱ።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ? ንገሪኝ።»

«እሱን ራሳቸው ይንገሩዎት እትዬ። አስቀድሞም አፌን ከፍቻለሁ።»

«ምንም አልሆንኩም! ልቤ ደህና ነው ተብያለሁ፤ ወረቀትም አለኝ።»

ባለቤታቸው ወረቀቱን አላዩትም። ተነሡና የጋሽ ሰዓቱን ወንበር ወደ ኋላ ስበው ወለሉን አሳዩ። የፕላስቲክ ምንጣፉ በቀኝ እግር ቦታ ላይ ተፍቆ፣ አበባው ጠፍቶ፣ የመዳፍ ያህል ነጭ ሆኗል።

«ይኸውልሽ። ገበታ በቀረብን ቁጥር ፍሬን ይረግጣል። ሰባት ወር ሙሉ! እኔ ዝም ያልኩት ሳላይ ቀርቼ ነው? የድስት ክዳን ቢወድቅብኝ ‹ልትገድይኝ ነው እንዴ?› ብሎ ጮኸብኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጆች ጭኖ ትምህርት ቤታቸውን ረስቶ አልፎ ሄደ።»

«ልጆቹ አልከፋቸውም» አሉ ጋሽ ሰዓቱ። ዓይናቸው ግን ከምንጣፉ አልተነቀለም። በራሳቸው እግር የተፋቀውን ዛሬ ገና ማየታቸው ነበር።

«ጋሼ፣» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁጣው፣ መርሳቱ፣ ይኼ ምንጣፍ፣ የሸክላ ፋብሪካው መንገድ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አእምሮ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ አደጋ ሲጠብቅ ከዋለ፣ ለቤት ውስጥ ሥራ ማን ይቀራል? ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ይረሳል። ሰውነት ዘወትር ለፀብ ከተዘጋጀ፣ የክዳን ድምፅም ጠላት ይሆንበታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?»

«እኔ እባብም አልፈራ፣ ልጥም አልፈራ!»

«ድልድይስ?»

ባለቤታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብለው።

«አርባ ሦስት ሰው ነበር» አሉ ጋሽ ሰዓቱ በመጨረሻ፣ ለምንጣፉ የሚናገሩ ይመስል። «በጨለማ ደረጃ ስትወርጂ፣ አንድ ደረጃ ቀረ ብለሽ ስትረግጪ፣ ሳይኖር ሲቀር… እግርሽ ባዶውን ይወርዳል አይደል? ያ ፔዳል እንደዚያ ነበር። እሱ ነው የሚመጣብኝ። ሲመጣ ደግሞ ስንት ዓመት እንደነዳሁ አይጠይቀኝም።»

ሰባት ወር አንድ አልጋ ላይ የተኙት ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጋሽ ሰዓቱ ግን ይህን ያህል በመናገራቸው ወዲያው አፈሩና፣ እንደ ልማዳቸው፣ ኃፍረታቸውን በማጥቃት ሸፈኑ።

«ይልቅ አንቺ እሜትዬ፣ እኔን ከመምከርሽ በፊት፣ ጥፍርሽን ማን በላው?»

ነርሷ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ልትከት ፈለገች፤ ጋዋኑን ክሊኒክ ትታው መጥታለች።

«እኔው ነኝ» አለች። «የከፍተኛ ትምህርት ፈተና አለ። የማመልከቻው ፎርም ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ልሞላው ባወጣሁት ቁጥር ቤት መጥረግ ያምረኛል።»

«እናትሽ ‹ልጄ ታታሪ ሆነች› እያሉ ለሰፈሩ ሲያወሩ የከረሙት ለዚህ ነዋ!»

«ለዚሁ ነው። ስለዚህ የምነግርዎትን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። መሸሽ ይጣፍጣል ጋሼ። ድልድዩን ሲዞሩ፣ እኔም ፎርሙን መልሼ ስከት፣ ወዲያው ቀለል ይለናል። ግን በዞርን ቁጥር ፍርሃቱን ‹እውነትህን ነው ጌታዬ፣ እዚያ ሞት አለ› እያልነው ነው። እሱም ያምናል። ነገ የበለጠ ይጮኻል።»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? እኔ በማንም ታዝዤ የማላውቅ ሰው ነኝ። አለቆቼን ጠይቂ!»

«ጠይቄያለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለመስመር ኃላፊው እምቢ፣ ለትራፊክ ፖሊሱ እምቢ፣ ለእትዬም እምቢ። እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ለሰው ሁሉ እምቢ የሚሉት ጋሼ፣ ለአንድ ለፍርሃት ሲሆን፣ ‹ወደ ግራ ዙር› ሲልዎት፣ ‹እሺ ጌታዬ› ብለው ይዞራሉ። ሰባት ወር ሙሉ፣ በቀን ስድስት ጊዜ!»

ባለቤታቸው ሻያቸው ትን አላቸው። ጋሽ ሰዓቱ ግን አልሳቁም። ጆሯቸው ቀላ፤ ከዚያ ግንባራቸው፤ ከዚያ ኮፍያቸውን አንሥተው ጭናቸውን መቱበት።

«እኔ? እሺ ጌታዬ?»

«እንዲያ ነው የሚመስለው።»

«ነገ!» አሉ። «ነገ ከፈረቃዬ በኋላ እዚያ ድልድይ ላይ ካልቆምኩ ሰዓቱ አትበሉኝ። አንቺ ደግሞ ያን ፎርም ሞልተሽ ካላሳየሽኝ ነርስ አልልሽም!»

አንባቢ ሆይ፣ ማክሰኞ ድል ሆነ ብንልህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን ጎረቤት ስለሆንን መዋሸት አንችልም። ማክሰኞ ጋሽ ሰዓቱ ከድልድዩ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ልባቸው እንደ ከበሮ መታ፣ አፋቸው ደረቀ፣ «ይኼ ጫማ ጠቦኛል» ብለው ተመለሱ። ነርሷም አልገሠጸቻቸውም። «ነገም ጫማው ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው» አለችና፣ ከፎርሙ ሁለት መስመር ብቻ መሙላቷን አሳየቻቸው። «ስምና ዕድሜ! ይኼንንማ ማን አጣው!» ብለው ተሳለቁባት።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ግን ከባለቤታቸውና ከነርሷ ጋር እመሃል ድልድዩ ድረስ ሄዱ። የብረቱ አጥር ላይ አውቶቡሳቸው የፋቀው ቀለም አሁንም ይታያል። ልባቸው ጮኸ።

«ልመለስ» አሉ።

«እየጮኸ ሳለ ከተመለሱ አሸነፈ ማለት ነው። ይቁሙ። አይታገሉት፣ አይሩጡ። አየሩን በአፍንጫ ያስገቡ፤ ሲያስወጡ ቀስ፣ ቀስ… ጎማ በትንሽ ቀዳዳ እንደሚተነፍሰው።»

«ጎማ ሆንኩልሽ?»

«ይተንፍሱ ጋሼ!»

ተነፈሱ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓታቸውን እያዩ ቆጥረውታል። መጀመሪያ ልባቸው የሚፈነዳ መሰላቸው፤ አልፈነዳም። ከዚያ ሊወድቁ መሰላቸው፤ አልወደቁም። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ጩኸቱ ራሱ ደከመው፤ ሰሚ ያጣ ነገረኛ እንደሚደክመው። ከወንዙ ዳር ሽንብራ የሚያህሉ ጠጠሮች ታዩዋቸው፤ ሰባት ወር ሙሉ ከዚያ ድልድይ ላይ ምንም ነገር አይተው አያውቁም ነበር።

በዚህ መሃል የልብስ ንጽሕና ቤቱ ሴቶች ከሥራ ወጥተው ወደ ድልድዩ ደረሱ። ደረሱና መሮጥ ጀመሩ። ሲያልፉ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያልፉት፣ አንዷ ከሌላዋ እየራቀች፣ ክብደት እንዳይበዛበት። ከሁሉም ኋላ አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ ቆማ በመዋል እግሯ ያበጠ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እያነከሰች ትሮጣለች።

«ጋሽ ሰዓቱ!» አለች እያለከለከች። «ምን ይሠራሉ እዚህ? ይውጡ እንጂ፣ ይደረመሳል እኮ!»

ሮጣ አለፈች። ጋሽ ሰዓቱ ከኋላዋ ያን ያበጠ እግር አዩት። የሸሹት ፍርሃት የት ሄዶ እንደቆየ ያኔ ገባቸው፤ እሳቸው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ሲዞሩት፣ እሱ በሴቶች እግር ሲሮጥ ከርሟል።

«ነገ እናገራለሁ» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ሐሙስ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ በሾፌርና በትኬት ቆራጭ ሞላ። እግሯ ያበጠው ሴትም የንጽሕና ቤቱን ሠራተኞች ወክላ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የመስመር ኃላፊው እስክሪብቶውን አሰናድቶ ጠየቀ።

«ጋሽ ሰዓቱ፣ ስንጥቁን በዓይንዎ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ማለት… ከሩቅ ነው ያዩት?»

«ከሩቅም ከቅርብም አላየሁም። ስንጥቅ የለም። ፈርቼ ነው የዞርኩት።»

የኃላፊው እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሾፌር ፈነዳ፤ ሳቁ ብቻውን ጣሪያውን መታ። ጋሽ ሰዓቱ ዞረው አዩት።

«ሳቅ፣ ሳቅ፤ አልከለክልህም። ቀጥሎም የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ቆሜ እጠብቃለሁ። አርባ ሦስት ሰው ጭኖ ፍሬን የከዳው ሾፌር ካልፈራ እሱ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው። እኔ ያጠፋሁት መፍራቴ አይደለም፤ ፍርሃቴን ድልድይ ላይ መለጠፌ ነው። በእኔ ውሸት እነዚህ ሴቶች ሰባት ወር ሮጠዋል። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለፍርሃቱ ግን ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም! ደግሞስ አንተ፣ በየፌርማታው እየወረድክ አራቱንም ጎማ በእርግጫ የምትመታው ለስፖርት ነው?»

አሁን የሳቀው አዳራሹ ነው፤ ያ ሾፌር ብቻ ጎማ የሚመታበትን እግሩን ወንበር ሥር ሰበሰበ። እግሯ ያበጠው ሴት ተነሣች።

«እንግዲህ እኔ ያን ሁሉ የሮጥኩት በከንቱ ነው?»

«በከንቱ ነው እህቴ።»

አየቻቸው፣ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። «እውነቱን ስለተናገሩ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ከዘገዩ ግን ወዮልዎት!»

ፌርማታው አልተሰረዘም። ኃላፊው ብልህ ሰው ነበርና፣ አርብ ጋሽ ሰዓቱ ባዶውን አውቶቡስ፣ እሱ ራሱ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ አራት ጊዜ ድልድዩን እንዲያመላልሱ አደረገ። ሰኞ ፈረቃቸው የከሰዓት ሆኖ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ጭነው፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ትኬት ቆራጯ መቆሚያ ብረቱን ጨበጠች። አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ወፍራም ሰውዬ ክብደት ለመቀነስ ሁለቱንም እግሩን ከወለሉ አነሣ። የጋሽ ሰዓቱም ልብ እንደ ልማዱ ጮኸ።

«ጩህ» አሉት በሆዳቸው። «የፈለግከውን ያህል ጩህ። መሪው ያለው ግን በእኔ እጅ ነው።»

ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ፣ እግሯ ያበጠው ሴትዮ «አይመጣም» ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛ መንገድ ጀምራ ነበር። ጥሩምባውን ሁለቴ ነፉላት። ወጣች፣ መስኮት ዳር ተቀመጠች፣ ጫማዋን አጠለቀች።

ከዚያ ወዲህ ምን ተገኘ ብትሉ፣ እኛ በአጥር ላይ የምናየውን እንንገራችሁ። ጋሽ ሰዓቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደዚያው ክሊኒክ የምክር ባለሙያ ዘንድ ይሄዳሉ፣ በግልጽ፣ ያለ ጋዜጣ፤ የድሮውንም ጋዜጣ መልሰዋል። ልባቸው አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ግን አዛዥ አይደለም። የሚነገራቸውን ይሰማሉ፣ የሰሙትም ይቆያል። ክዳን ሲወድቅ «እሰይ፣ ድስቱ ተርፏል» ይላሉ። ባለመድኃኒት ቤቱ እንደገና ሰዓት ማየት ትቷል። ነርሷም ፎርሙን አስገባች፤ የእናቷ ቤት እንደ ድሮው አቧራ መያዝ ጀምሯል። ጭንቀትን የተናገረ ሰው ጭንቀቱ ይቀልለታል፣ አእምሮው ለሥራው ይተርፈዋል፣ ቤተሰቡም ከቁጣው ያርፋል፤ የደበቀ ግን ድልድይ ያሰነጥቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶች፣ ስለ ሆድ ቁርጠት ብቻ አልነበረም የተናገሩት።

ባለቤታቸው አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ገዝተው አሮጌውን ሊጥሉ ሲጠቀልሉ፣ ጋሽ ሰዓቱ መቀስ አምጡ አሉ። ያችን የተፋቀች፣ የመዳፍ ያህል ነጭ ቦታ ቆርጠው፣ በመስተዋት አሽገው፣ «ለጀግናው ሾፌራችን» ከሚለው ወረቀት አጠገብ ሰቀሏት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

«እሱም የእኔ ነው» ይላሉ ጋሽ ሰዓቱ፣ ወንበር እየሳቡለት። «ተቀመጥ፣ ልንገርህ።»